ብሩ የእናንተ፣ ጌሙ የእኛ

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ስልካችሁ ላይ ያለውን ጌም ማን ሠራው? ስሙን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ! የምንወደውን ዘፈን ማን እንደዘፈነው እናውቃለን፤ ከመካከላችን ጎበዝ የሆነው ግጥሙንና ዜማውን የደረሰውንም፣ ያቀናበረውንም ይቆጥርላችኋል። መጽሐፍ ከሆነ የደራሲው ስም ሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ወደ ጌም ስንመጣ ግን የምናውቀው መክፈቻው ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን የድርጅት ዓርማ ብቻ ነው። ኢኤ፣ ኮናሚ፣ አክቲቪዥን… ከዚያ ወዲያ ቶሎ ተጭነን እናልፈዋለን።

‹‹ታዲያ ምን አገባን? እኛ መጫወት እንጂ የሠሪውን የዘር ሐረግ መቁጠር አልፈለግንም›› የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል ባይ ነን። የሚያገባን ደግሞ የአሜሪካና የጃፓን ድርጅቶች ጠብ ስለሚያስደስተን አይደለም። ጌሙን የሚሠራውና ለጌሙ ገንዘብ የሚያወጣው (አሳታሚ እንበለው) ሲጣሉ፣ የጠባቸው ውጤት ኮኪት ድረስ ስለሚመጣ ነው።

ኮኪትን ለማታውቋት፣ በምዕራብ ጎንደር ዞን በመተማ ወረዳ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት፤ ሱዳን ጎረቤቷ ነው፤ ሙቀቷ አይጣል ነው፤ ኑሮዋ ሰሊጥ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያኔ እዚህ አካባቢ ስልክ ላይ የትኛው ጌም ነበር የሚሠራው? ያለ ኢንተርኔት የሚከፈተው ብቻ! ሌላው ‹‹ግንኙነትዎን ያረጋግጡ›› እያለ ያላግጣል። ማረጋገጡንስ አረጋግጠናል፤ የለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ ጌም ያለ ኢንተርኔት ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለው የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የገበያ ውሳኔ ነው። ማስታወቂያ በየሁለት ደቂቃው መግባት ካለበት፣ የተጫዋቹ መረጃ መሰብሰብ ካለበት፣ ዕቃ እየተገዛ መጫወት ካለበት፣ ኢንተርኔት የግድ ነው። ጌሙን የጻፈው ልጅ ‹‹ይኼ ለብቻ የሚጫወቱት ጌም ነው፣ ኢንተርኔት ለምን?›› ብሎ ሊከራከር ይችላል። ክርክሩን ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ግን ውሉ ላይ የመጨረሻው ቃል የተሰጠው ወገን ነው። የፈጠራ ሥልጣን የሚባለው ነገር ይኸው ነው። ቋንቋው፣ ፍጻሜው፣ ክብደቱ፣ የሚለቀቅበት ቀን፣ የገጸ ባሕርይው መልክ… ማን ነው ‹‹ይሁን›› ወይም ‹‹አይሁን›› የሚለው?

ስም የተከለከሉት ሰዎች

ነገሩ የቆየ ነው። (የውጭውን ታሪክ ስናወራ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1970ዎቹ መጨረሻ አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቤት ውስጥ ቪዲዮ ጌም ንጉሥ ነበር። ጌሞቹን ይጽፉ የነበሩት ጥቂት ፕሮግራመሮች ናቸው። አንድ ጌም ያኔ ከሐሳቡ እስከ ድምፁ የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ሆኖም ስማቸው ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። ከመካከላቸው አንዱ የነበረው ዴቪድ ክሬን ቆይቶ እንዳስታወሰው፣ እሱና ሦስት ጓደኞቹ የሠሯቸው ጌሞች ለኩባንያው በብዙ ሚሊዮን ዶላር እየተሸጡ እነሱ የሚያገኙት በዓመት 30 ሺህ ዶላር ገደማ ደመወዝ ነበር። አለቃቸው ዘንድ ገብተው ስማቸው እንዲጻፍና ከሽያጩም ድርሻ እንዲኖራቸው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ በአጭሩ ‹‹ካርቶን ከሚያሽገው ሠራተኛ በምን ትበልጣላችሁ?›› የሚል መንፈስ ነበረው።

ዋረን ሮቢኔት የተባለ ሌላ የአታሪ ፕሮግራመር ግን አልጠየቀም። በ1980 የወጣው ‹‹አድቬንቸር›› የተሰኘ ጌሙ ውስጥ አንድ ስውር ክፍል ሠራ፤ በዓይን ለማየት የምታስቸግር አንዲት ነጥብ አግኝቶ ወደዚያ ክፍል የገባ ተጫዋች የሮቢኔትን ስም ተጽፎ ያነባል። ለማንም ሳይናገር ሥራውን ለቀቀ። ምስጢሩን ያወጣው ጌሙን የገዛ አንድ ታዳጊ ነው። ሰውየው የገዛ ሥራው ላይ ስሙን ለመጻፍ እንደ ሌባ መደበቅ ነበረበት ማለት ነው።

እነ ክሬን ደግሞ በ1979 አታሪን ጥለው ወጡና የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። አክቲቪዥን! ጌሞቻቸው ላይ የሠሪውን ስም መጻፍ ጀመሩ። እሰይ የሚያሰኝ ነው፤ ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። አክቲቪዥን አደገ፣ ተሸጠ፣ ተቀላቀለ፣ የጌም ዓለም ትልቁ አሳታሚ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። በ2010 ‹‹ኮል ኦፍ ዲዩቲ››ን ለዝና ያበቁትን የኢንፊኒቲ ዋርድ ሁለት ኃላፊዎች አባረረ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት ተዘጋ። በ2023 ማይክሮሶፍት ሲገዛው ዋጋው ወደ 69 ቢሊዮን ዶላር ተጠግቶ ነበር። አማት ምራት የነበረችበትን ዘመን ረሳች ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ‹‹አሳታሚዎች ክፉ፣ ሠሪዎች ደግ›› የሚል ተረት አንነግራችሁም። ወንበሩ ነው ሰውን የሚለውጠው። በወንበሩ ላይ ያለውን ሰው የሚገድበው ደግሞ ወረቀት ነው፤ ውል።

ሁለት ስንብት

ለዚህ ከባንጂ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ባንጂ ‹‹ሄሎ››ን የሠራው ቡድን ነው። ማይክሮሶፍት በ2000 ገዛው፤ ‹‹ሄሎ›› የኤክስቦክስ መለያ ሆነ። በ2007 ባንጂ ከማይክሮሶፍት ተለይቶ ወጣ። ሰዎቹ ነፃ ወጡ፣ ‹‹ሄሎ›› ግን ማይክሮሶፍት ዘንድ ቀረ። ልጁን ጥሎ እንደተሰናበተ አባት ቁጠሩት።

ከዚያ በ2010 ከአክቲቪዥን ጋር አዲስ ውል ተፈራረመ። በዚህኛው ውል የሚሠራው ጌም ‹‹ዴስቲኒ›› ንብረትነቱ የባንጂ ሆነ። በ2019 መጀመሪያ ከአክቲቪዥን ሲለያዩ ታዲያ ባንጂ ‹‹ዴስቲኒ››ን ይዞ ወጣ። ያው ቡድን፣ ያው ዓይነት ስንብት፤ የመጀመሪያው ባዶ እጅ፣ ሁለተኛው ከነልጅ። ልዩነቱ የውሉ አንድ አንቀጽ ነው። (ባንጂ በ2022 ደግሞ በ3.6 ቢሊዮን ዶላር ለሶኒ ተሸጧል። የሚሸጠው ነገር የራሱ ስለሆነ በሚፈልገው ዋጋ ሸጠው እንላለን።)

የሰሊጥ አጨዳ ሕግ

አሁን ለአሳታሚም እንፍረድለት። ገንዘብ የሚያወጣው እሱ ነው። ጌሙ ቢወድቅ የሚከስረውም እሱ ነው። ‹‹መቼ ትጨርሳላችሁ?›› ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ጠያቂ ያጣ ሠሪ ምን እንደሚሆን ‹‹ዱክ ኑከም ፎርኤቨር›› ምስክር ነው። ሠሪዎቹ የራሳቸው ገንዘብ ነበራቸውና ‹‹ሲያልቅ ያልቃል›› እያሉ፣ በ1997 ያስተዋወቁት ጌም የወጣው በ2011 ነው። 14 ዓመት! ሲወጣም ተጫዋቹ ቅር ተሰኘበት።

በተቃራኒው ደግሞ ‹‹ኢ.ቲ.›› አለ። አታሪ በ1982 የታዋቂውን ፊልም መብት በብዙ ገንዘብ ገዛና ለገና ገበያ ይድረስ ብሎ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ለተባለው ፕሮግራመር አምስት ሳምንት ገደማ ሰጠው። ጌሙ ለገና ደረሰ። ያልተሸጠው ግን ብዙ ስለነበር በ1983 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ከሌሎች ያልተሸጡ ጌሞች ጋር ተቀበረ፤ በ2014 ተቆፍሮ ወጣ።

የቆላ ሰው ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰሊጥ ጊዜው ሳይደርስ ከታጨደ ፍሬው ቀሎ ይቀራል፤ ከዘገየ ደግሞ ቆባው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በመካከሉ ያለችው ጊዜ አጭር ናት። መቼ እንደሚታጨድ የሚያውቀው ማሳው ውስጥ ያለው ሰው ነው። ከተማ ሆኖ ለዘርና ለአረም ገንዘብ ያበደረው ነጋዴ መጨነቁ ትክክል ነው፤ በስልክ ‹‹ነገ እጨዱ›› ብሎ ማዘዙ ግን ራሱንም ያከስራል። ‹‹ኢ.ቲ.›› ያለጊዜው የታጨደ ሰሊጥ ነው። ‹‹ዱክ ኑከም›› ማሳ ላይ የረገፈ።

ከሰሊጡ ሌላም ነገር እንማራለን። የመተማ ሰሊጥ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ‹‹ሁመራ ጎንደር›› በሚል የጋራ ስም ሲሸጥ ኖሯል። ለግብይት ይመቻል፤ እንረዳለን። ግን የኮኪት ገበሬ ሰሊጡ የት አገር ዳቦ ላይ እንደተነሰነሰ አያውቅም፤ ዳቦውን የበላውም ኮኪት የምትባል ከተማ መኖሯን አያውቅም። ሰሊጥ እንግዲህ ፍሬ ነው፤ ያለ ስም ቢሸጥም ያው ሰሊጥ ነው። ጌም ግን ከሰሊጥ ይለያል። የሠሪው ቋንቋ፣ ሳቅና ትዝታ ያለበት ነገር ስሙን ሲነጠቅ አብሮ የሚነጠቅ ብዙ ነገር አለው።

‹‹ኩኩሉ›› በሌላ ስም

ወደ አገራችን እንምጣ። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ በ2018 እ.ኤ.አ. ‹‹ኩኩሉ››ን አወጣ። ከገበሬው አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ናት ባለታሪኳ። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በዓል ሲደርስ ዶሮ ለምን እንደምትሮጥ ሁላችንም እናውቃለን! ስሙም ቢሆን ድብብቆሽ የተጫወተ ሁሉ በልጅነቱ የተጣራበት ነው። የገበታ ጨዋታንም ስልክ ላይ አምጥተውታል።

እስቲ በሐሳብ እንሂድ። ይኸው ጌም ገና ሐሳብ ሳለ ባሕር ማዶ ያለ አንድ አሳታሚ ‹‹ገንዘቡን እኔ ልስጥ፣ የመጨረሻው ቃል የእኔ›› ብሎ ቢሆንስ? ‹‹ኩኩሉ ምን ማለት ነው? ማንም አይገባውም፤ ስሙን ቀይሩት›› ማለቱ የሚቀር አይመስለንም። ‹‹ገበሬውን በጭራቅ ተኩት፤ ሙዚቃውን ቀይሩት፤ አሪፍ ዛፍ ጨምሩ…›› በመጨረሻ የሚወጣው የትም አገር ሊሠራ የሚችል የዶሮ ጌም ነው። ማንም ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው! እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ተደምሮ ግን የእኛ የሆነውን ነገር አጥቦ ይወስደዋል።

አፍሪካ ውስጥ ሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ። በካሜሩን ያውንዴ ከተማ በኦሊቪዬ ማዲባ የሚመራው ኪሮ ጌምስ ‹‹ኦሪዮን››ን በ2016 አወጣ። ከግለሰቦች በኢንተርኔት ጥቂት በጥቂት ገንዘብ አሰባስበው፣ ከአፍሪካ አፈ ታሪክ የተቀዳ ዓለም ገንብተው፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሥርጭቱ ፕለግ ኢን ዲጂታል ከተባለ የፈረንሳይ አሳታሚ ጋር የሠሩት። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ምግቡ ከበሰለ በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያግዘው ማዕዱን በማቅረብ ነው፤ ጨው የመጨመር ጊዜው አልፎበታል። በ2022 ደግሞ ቅኔ ጌምስን ጨምሮ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ ጌም ሠሪዎች ፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ የሚባል ኅብረት መሥርተዋል። ለብቻ ሲደራደሩ ትንሽ የሆኑት አንድ ላይ ሲቀርቡ ክብደት ያገኛሉና፣ ይበል የሚያሰኝ ነው።

የእኛ አሳታሚ ማን ነው?

ይሁንና እውነቱን እንነጋገር። ጎንደርም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ሆኖ ጌም ለመሥራት የሚታገል ወጣት በሩን የሚያንኳኳለት አክቲቪዥን አይደለም። የእኛ አገር ‹‹አሳታሚ›› ሌላ መልክ አለው። አንዳንዴ ስለ እጅ መታጠብ ወይም ስለ ስደት ‹‹ግንዛቤ የሚያስጨብጥ›› ጌም የሚያሠራ ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው። አንዳንዴ ዓርማው እንዲተዋወቅለት የሚፈልግ ባንክ ወይም መጠጥ አምራች ነው። አንዳንዴም የጌሙ ክፍያ በእጁ የሚያልፍ የቴሌኮም ድርጅት ነው። ገንዘቡ አስፈላጊ ነው፤ አንንቀውም። ግን ‹‹ገጸ ባሕርይዋ ትንሽ ፈገግ ትበል፣ መጨረሻ ላይ ምክር ትስጥ፣ ዓርማው ይጉላ›› የሚለው ትእዛዝ ከዚያው ይመጣል። በስተመጨረሻ ጌሙ ስብሰባ ይመስላል። ተጫዋቹም እንደ ስብሰባ ጥሎት ይወጣል።

የባሰው ደግሞ ሕጉ ላይ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያነበበ ጌም ሠሪ ስንት አለ? አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል። ለሠሪውም የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ፣ ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መንገድ ሥራው እንዳይበላሽበት የመቃወም መብት። ጥሩ! አታሪ ውስጥ እነ ክሬን ያጡት እኛ ዘንድ በሕግ ተጽፏል። ነገር ግን ያው አዋጅ፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ባለቤቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነው ይላል።

‹‹በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር።›› እቺን ሐረግ ግድግዳችሁ ላይ ለጥፏት። ዝም ካላችሁ ‹‹ሄሎ››ን ጥላችሁ ትወጣላችሁ፤ ከተናገራችሁ ‹‹ዴስቲኒ››ን ይዛችሁ። ሕጉ በሩን ክፍት ትቶታል፤ የሚገባበት ሰው ነው የጠፋው። ከወዳጅ ጋር ወረቀት መፈራረም ነውር የሚመስለን ብዙ ነን። ‹‹በቃል እንተማመን›› እንባባላለን። መተማመኑ ጌሙ እስኪሸጥ ድረስ ነው።

ለመሆኑ ይህ ጠብ ለእኛ አዲስ ነው? ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በአዋጅ ለአገር ፍቅር ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሐ እሸቴ የራሱን የሙዚቃ አሳታሚ አቋቁሞ ደፍሮ ባይወጣ ኖሮ፣ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃችን ስንቱ በቀረ? በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ የወጣው የበዓሉ ግርማ ‹‹ኦሮማይ››ስ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲው ምን ሥልጣን ነበረው? የእሱ ዕጣ ከመጽሐፍም አልፎ በሕይወት የመጣ ነውና ከጌም ጋር አናስተካክለውም። ማለት የፈለግነው ‹‹ማን ነው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው?›› የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር ከኮምፒውተር በፊት የነበረ መሆኑን ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

እኛ ድንበሩ እንዲህ ቢሰመር እንላለን። በጀቱ፣ የመጨረሻው ቀን፣ የሚሸጥበት መንገድና ዋጋው ላይ አሳታሚው ይዘዝ። ገንዘቡ ነዋ! ቋንቋው፣ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርይውና ፍጻሜው ላይ ደግሞ የመጨረሻው ቃል የሠሪው ይሁን። ማስታወቂያ የት ይግባ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ ወይስ አይሥራ የመሳሰለው የሁለቱንም የሚነካ ነገር በጋራ ይወሰን፤ እንዴት እንደሚወሰንም አስቀድሞ ይጻፍ።

ለምትሠሩት ሦስት ምክር አለን። አንደኛ፣ ስማችሁ ጌሙ ውስጥ እንዲገባ በውል አስጽፉ፤ እንደ ሮቢኔት ስውር ክፍል አትቆፍሩ። ሁለተኛ፣ ገጸ ባሕርይውንና የጌሙን ስም አትሽጡ፤ ለተወሰነ ዓመት አከራዩ። ሦስተኛ፣ አሳታሚው ጌሙን ሳያወጣው መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠው መብቱ ወደናንተ የሚመለስበትን ቀን ጻፉ። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ድፍረት ብቻ። ‹‹ይህን ያህል ካስቸገርክ ሌላ ሰው እናሠራለን›› ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ሊያሠሩም ይችላሉ። ብራችሁን ታጡ ይሆናል። ይህን አቅልለን አናየውም፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በሞራል መብት አይደለም። ሁሉንም ማስከበር ካቃታችሁ ቢያንስ ስማችሁን አትልቀቁ። ስም ያለው ሰው ቀጣዩን ውል በተሻለ ወንበር ተቀምጦ ይደራደራል።

ለምትጫወቱት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን። ጌሙ ሲያልቅ የሚመጣውን የስም ዝርዝር አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው እዩት። የአገር ልጅ የሠራውን ስታገኙ በስሙ ጥሩት፤ ‹‹የዶሮዋ ጌም›› አትበሉ። አሳታሚ የሚፈራው ሕግን ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቹ በስም የሚያውቀውን ሠሪም ይፈራል።

አንድ ቀን ኮኪት ላይ ያደገ ልጅ ስለ ሰሊጥ አጨዳ፣ ስለ ቆላ ሙቀት፣ ስለ ድንበር ገበያ ጌም ይሠራ ይሆናል። ያን ቀን አንድ አሳታሚ መጥቶ ‹‹ኮኪት የሚለውን ማንም አያውቀውም፤ እንቀይረው›› ይለዋል። ልጁ ያኔ ‹‹አይሆንም፣ ውሉን አንብበው›› ማለት እንዲችል ነው ይህን ሁሉ የለፈለፍነው።

ቸር ይግጠመን።